እምቢ ማለት የሚችል ልጅ ዋጋ

ለመድኃኒት ቤቴ የሚሆን ዕቃ ገዝቼ ከዋና ከተማችን ከሳንቶ ዶሚንጎ ወደ ሳን ፔድሮ ስመለስ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ከግራዬ ጎረቤቴ ዶን ቶሪቢዮ፣ ከቀኜ ደግሞ አንዲት የማላውቃት ወጣት ተቀመጡ። እኔ ከመሐል ባልቀመጥ ኖሮ ይህ ታሪክ ተረስቶ ይቀር ነበር።

ዶን ቶሪቢዮን በሰፈራችን የማያውቃቸው የለም። በጉልምስናቸው ለስኳር ፋብሪካው የሸንኮራ ጋሪ የሚጎትቱ በሬዎች ነጋዴ ነበሩ። ፋብሪካው በሬውን በትራክተር ሲተካ፣ እሳቸው ደግሞ በሬውን በልጅ ተኩ። ከሸንኮራው ማሳ ጥግ ያለውን ባዶ መሬት መንጥረው ኳስ በዱላ የሚመታበት የቤዝቦል ሜዳ አደረጉት፤ ከሰፈሩ ልጆች ክንዱ የጠናውን፣ ዓይኑ የፈጠነውን እየመረጡ ያሠለጥናሉ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከአሜሪካ ቡድን ጋር ይፈራረማል፤ እሳቸውም ከፊርማው ገንዘብ ሲሶውን ይወስዳሉ። በኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም፣ የድካም ዋጋ ነው።

የዚያን ቀን ዶን ቶሪቢዮ በደስታ ወንበሩ አልበቃቸውም ነበር። የገዛ የልጅ ልጃቸው ዊልኪን በማግስቱ ሊፈርም ነው። ቡድኑ ልጁ ገና አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው ሦስት መቶ ሺህ ዶላር እሰጣለሁ ብሎ በቃል ተስማምቷል። የዊልኪን እናት ኦዳሊስ፣ በዚያው ቃል ተማምና፣ ለሁለተኛ ፎቅ የሚሆን ብረት በቤቷ ጣሪያ ላይ አስቁማለች።

«ዶክተር፣ ነገ እንዳትቀር!» አሉኝ። ሰፈሩ መድኃኒት ሻጭን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። «ፍየል ይታረዳል። ደግሞ ውሉን የምታነብልን አንተ ነህ።»

«ትምህርቱንስ እንዴት ሊያደርግ ነው?» አልኳቸው፣ ለወሬ ያህል።

«የምን ትምህርት? ከስድስተኛ ክፍል ያወጣሁት ልጅ! ዱላ ይዞ የቆመን ልጅ ‹መጀመሪያ ዲፕሎማህን አሳየኝ› ብሎ ኳስ የወረወረ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ወጣቷ ፈገግ አለች።

«ይቅርታ አባባ፣ ጨዋታችሁን ሰማሁ። አሁን እርስዎ በአንድ ትንፋሽ ያሉትን ነገር እኔ ሁለት ዓመት ለፍቼ ነው የደረስኩበት።»

«ምኑን ነው የደረስሽበት?»

«ዱላው ዲፕሎማ እንደማይጠይቅ።»

ስሟ ዮካስታ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ስትሆን በዋና ከተማው ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ናት። ሥራዋም በኳስ የሚተዳደሩ ሰዎች የተማሩት ትምህርትና የሚከፈላቸው ደመወዝ ምን ያህል እንደሚገናኝ ማጥናት መሆኑን ነገረችን።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለች፤ «ስጀምር የተማረ ተጫዋች የበለጠ ይከፈለዋል ብዬ ነበር። ደመወዛቸውን፣ ያስቆጠሩትን፣ የተማሩትን ጎን ለጎን አስቀመጥኩና ሳየው ደነገጥኩ። ጥሩ የመታ ጥሩ ይከፈለዋል፤ አለቀ። የትምህርት ዓመቱ ለብቻው ይህ ነው የሚባል ነገር አልጨመረም። አስተማሪዎቼ ፊት ምን ይዤ እንደምቀርብ ጨነቀኝ።»

ዶን ቶሪቢዮ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «ሰማህ ዶክተር! እኔ በሬ ገበያ ቆሜ የማውቀውን እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረችው! እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ገንዘብሽን ግን እንዲመልሱልሽ ጠይቂ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ሹፌሩ ሳይቀር ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ መስማት ጀመረ። ዮካስታም አብራ ሳቀች፤ መሳቋ በኋላ ሳስበው ነው የገረመኝ፣ የያዘችው ነገር የሚያስቅ አልነበረምና።

«አልጨረስኩም አባባ። የባሰ ያስደነገጠኝ ከዚያ ቀጥሎ ያየሁት ነው። እኩል የሚወረውሩ ሁለት እኩዮች ውሰዱ። አንዱ ትምህርቱን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ እየጠበቀው ነው፤ ሌላው ከኳስ በቀር ምንም የለውም። ለፊርማ የሚሰጣቸው ገንዘብ አይቀራረብም።»

«እሱማ አንዱ ግሪንጎ፣ የአሜሪካ ልጅ ስለሆነ ነዋ! የአገራቸውን ልጅ ያበልጣሉ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ አሜሪካውያኑን ብቻ ለይቼ አየሁ። እዚያም ያው ነው። የሚማርበት ቦታ ያለው ልጅ ‹ካልጨመራችሁ ትምህርቴን እቀጥላለሁ› ይላል፤ ይጨምሩለታል። ለእውቀቱ ብለው አይደለም የሚከፍሉት፤ እምቢ ማለት ስለሚችል ነው። የኛ ልጅ ግን እምቢ ብሎ ወዴት ይሄዳል?»

«የኔን ልጅ እምቢ በል ያለው ማነው? ሰዎቹ ቃል ገብተዋል።»

«በጽሑፍ ነው?»

«እጅ ለእጅ ተጨባብጠን ነው! እኛ ዘንድ ቃል ከወረቀት ይበልጣል፣ የኔ ልጅ።»

ዮካስታ «እግዚአብሔር ያሳካው» ብቻ አለች። በኛው ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አክስቷ ዘንድ ሳምንቱን እንደምትቆይ ነግራን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቀድማን ወረደች። ዶን ቶሪቢዮ በመስኮቱ እያዩዋት «ጎበዝ ልጅ ናት፤ ያሳዝናል፣ መጽሐፍ አበላሻት» አሉ።

በማግስቱ የኦዳሊስ ቤት በሰው ተሞላ። የፍየሉ ወጥ እየፈላ፣ ሙዚቃው መንደሩን እያናወጠ፣ ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ጥላ ሥር የዶሚኖ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ እያጮሁ፣ ዊልኪን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በእፍረት ወዲያና ወዲህ ይላል። የቡድኑ መልማይ ሴኞር ብላዲሚር ሲመጣ ጭብጨባው ቀለጠ። ሰውየው የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ሽቅርቅር፣ አንደበቱ የለሰለሰ፣ ሽማግሌ ሲያይ ቆቡን የሚያወልቅ። ዶን ቶሪቢዮንና እኔን ወደ ጓሮ ወሰደን።

«ዶን ቶሪቢዮ፣ ቡድኑ ሰማንያ ላይ ወስኗል» አለ።

«ሰማንያ ምን?»

«ሰማንያ ሺህ ዶላር።»

ሽማግሌው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። የሰውየው ፊት እንዳልተለወጠ ሲያዩ ሳቃቸው እፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሦስት መቶ ነው ያልከኝ! እዚሁ ጓሮ፣ እጄን ጨብጠህ!»

«ብዬ ነበር። ልጁ ባሰብነው መጠን አላደገም፤ የክንዱም ፍጥነት ከዓምናው አልጨመረም። እኔ የታዘዝኩትን ነው የማደርሰው።»

«እንግዲያው ለሌላ ቡድን እሰጠዋለሁ! ሞልቷል!»

«ሌሎቹ የዘንድሮ ገንዘባቸውን አከፋፍለው ጨርሰዋል፤ ይህን ከኔ ይበልጥ ያውቁታል።» ብላዲሚር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፋት አልነበረበትም፣ እንዲያውም የሚያዝን ይመስል ነበር። «እንደ አባቴ ነው የማይዎት ዶን ቶሪቢዮ። እምቢ ቢሉ ልጁ ወዴት ይሄዳል? ትምህርት ቤት እንዳይመለስ ከትንንሽ ልጆች ጋር ሊቀመጥ ነው። ሸንኮራ ሊቆርጥ ነው? እስቲ እስከ ነገ ያስቡበት።»

በሚኒባስ ውስጥ ከዮካስታ የሰማሁትን ቃል፣ እሷን አይቷት ከማያውቅ ሰው አፍ መልሼ ሰማሁት። ወደ ዶን ቶሪቢዮ ዞር ብል ፊታቸው አመድ መስሏል። መልማዩ ተሰናብቶን ሲወጣ በሩ ላይ ያሉት አሁንም ያጨበጭቡለት ነበር፤ ማንም አላወቀማ።

ኦዳሊስ ወጥ የያዘ ሳህን ይዛ ወደ ጓሮ መጣች። «አባዬ፣ ለምን ሄደ? ሳይበላ?»

ነገሯት። ሳህኑን እንደያዘች ቀና ብላ ጣሪያዋ ላይ የቆመውን ብረት አየች። ከኋላዋ ዊልኪን ቆሞ ኖሮ ሁሉንም ሰምቷል።

«አያቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለ።

ዶን ቶሪቢዮ የልጁን ራስ ዳበሱ። ክንዴን ይዘው በጓሮ በር አወጡኝና «ያቺ ልጅ ያረፈችበት ቤት ውሰደኝ» አሉኝ።

ዮካስታ በአክስቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ሽማግሌው ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«አንቺ! ከነሱ ጋር ነሽ? ማነው የነገረሽ?»

«ምን ሆኑ አባባ? ምን ተፈጠረ?»

«ሰማንያ አሉ! ሰማንያ!»

ዮካስታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ የጠበቅሁት ‹አላልኩም?› ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይቀንሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይሄን ያህል ግን... እንዲህ ያለ ነገር በቁጥር አውቀዋለሁ እንጂ ሰው ላይ ሲደርስ አይቼ አላውቅም» አለችና ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

ውሃ ጠጡ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «እንዴት አወቁ? እምቢ እንደማልል እንዴት አወቁብኝ?»

«አባባ፣ እርስዎ በሬ ነጋዴ ነበሩ አይደል? ከሩቅ አገር በሬ ነድቶ የመጣ ገበሬ ሲያገኙ ምን ያደርጉ ነበር?»

ዶን ቶሪቢዮ የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«እጠብቀዋለሁ» አሉ። «ጠዋት ዋጋ ሲጠራልኝ እስቅበታለሁ። ዝም ብዬ እዞራለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሣር እንደሌለው፣ በሬውን መልሶ መንዳት እንደማይችል ሳውቅ እሄድና ግማሹን እሰጠዋለሁ። ይቀበላል። ምን ምርጫ አለው? ቅርብ ሰፈር ያለውን ግን አልነካውም፤ ካልተስማማው በሬውን ነድቶ ቤቱ ይገባላ!» ቃላቸውን ሳይጨርሱ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ! ወይኔ ቶሪቢዮ! ልጄን እኔው ራሴ ሣር ወደሌለበት ነዳሁት!»

አንባቢ ሆይ፣ ሽማግሌ ሲረታ ማየት ቀላል አይደለም። በክርክር የተረታ ሰው ይቆጣል፤ በገዛ ሥራው የተረታ ግን የሚቆጣው ሰው ያጣል።

ቢሆንም ዶን ቶሪቢዮ ያለ ሙግት እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። ቀና ብለው «ግን እኮ ልጄ፣ አንቺ የማታውቂው አለ» አሉ። «እነዚህ ሰዎች የሚገዙት ዕድሜ ነው። አሥራ ስምንት የሞላውን ልጅ ‹አርጅቷል› ይሉታል። ትምህርቱን ይጨርስ ብዬ ብተወው ገበያው ያልፈዋል።»

«እውነትዎን ነው። ዕድሜን ይገዛሉ፤ አልዋሽዎትም። ግን ኳሱን ይተው ያለው ማነው? ትምህርቱ ግማሽ ቀን ነው። ጠዋት ይማር፣ ከሰዓት ይወርውር። የእርስዎ ልጆች ጠዋት ጠዋት ምን ይሠራሉ?»

«...ይሮጣሉ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ከዚያ ይተኛሉ» አሉ ዶን ቶሪቢዮ፣ ሳይወዱ።

እኔ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም በቁጣ አዩኝ።

«ሌላም አለ» አለች ዮካስታ። «ከሚፈርሙት ልጆች አብዛኞቹ የአሜሪካን ትልቁን ሊግ በቴሌቪዥን እንጂ በእግራቸው አይረግጡትም። ይሄ የኔ ግኝት አይደለም፣ ሁሉም ያውቀዋል። እስቲ ከእርስዎ ሜዳ የወጡት የት ናቸው?»

ሽማግሌው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ራሚሬስ ደርሷል፤ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። የነርቢዮ ልጅ... ተመልሷል፣ ሞተር ሳይክል ላይ ሰው ያመላልሳል። የማሪሶል ልጅ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ነው። ሳንቲ...» ሌላ ስም ፈለጉ፣ ሌላ፣ ሌላ። ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። «የደረሰውን ነው ሁልጊዜ የማወራው። የተመለሱትን አንድ ቀን እንኳ በተራ ጠርቻቸው አላውቅም። ብዙ ናቸው እኮ ዶክተር! እንዴት እንዲህ ብዙ ሆኑ?»

«ራሚሬስስ አሁን ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀች።

«ገንዘቡን የአጎቱ ልጅ ያስተዳድርለት ነበር። ወረቀት ባመጣለት ቁጥር ይፈርማል... አሁን እናቱ ጋ ነው ያለው።»



«ለዊልኪንስ?» አሉ ሽማግሌው። «ለሱ ምን ላድርግለት? እምቢ ልበል?»

ዮካስታ የማይሆን ተስፋ አልሰጠቻቸውም። «ለዊልኪን በሩ ጠቧል አባባ። ዛሬ እምቢ ማለት የሚችል አይመስለኝም፤ ገንዘቡን መቀበል ይሻላል። ግን አንድ ነገር ይጠይቁ። ትምህርቱን ቡድኑ እንዲያስጨርሰው፣ ቢያሰናብቱትም እንኳ ወጪውን እንዲሸፍኑ፣ ውሉ ላይ ይግባ።»

«ይሄን ይሰጣሉ?»

«ለነሱ ትንሽ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የማይሰጡት የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።»

በነጋታው ብላዲሚር ሲመጣ ዶን ቶሪቢዮ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ተቀበሉት። ውሉን እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። የትምህርቱ ነገር የለበትም። «ይግባ» አሉ። ብላዲሚር ግራ ገብቶት አያቸው፤ «ዶን ቶሪቢዮ፣ እርስዎ? ትምህርት?» አለ። «እኔ!» አሉት። ስልክ ደወለ፣ ተነጋገረ፣ የትምህርቱም ነገር ውሉ ላይ ገባ። ዊልኪን ፈረመ። ጭብጨባ አልነበረም። ኦዳሊስ ግን የልጇን ራስ ሳመችው።

ዊልኪን በቡድኑ አካዳሚ ከሰዓት እየተጫወተ፣ በአንድ ዓመት ሁለት ሁለት ክፍል እየጨረሰ ማታ ማታ ተማረ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ትከሻው ተቀደደና አሰናበቱት። ዜናው ሰፈሩን አስለቀሰ። እሱ ግን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ነበርና፣ ቡድኑ በውሉ መሠረት ከፍሎለት የራጅ ባለሙያ ሆነ። ዛሬ ሰው ወድቆ ክንዱ ሲሰበር መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው።

ዶን ቶሪቢዮ ደግሞ ዊልኪን በፈረመ ማግስት ሜዳቸው ላይ አዲስ ሕግ አወጡ፦ ጠዋት ትምህርት ቤት ያልዋለ ከሰዓት ዱላ አይነካም። ወላጆች ጉድ አሉ። «ሽማግሌው ጃጁ!» ተባለ። ግማሾቹ ልጆቻቸውን አውጥተው ከወንዙ ማዶ ላለ አሠልጣኝ ሰጡ። ዶን ቶሪቢዮ ግን ጠዋት ጠዋት በየቤቱ እየዞሩ እናቶችን ይሟገታሉ፤ አንዳንዴ አክስቷን ልትጠይቅ የመጣችውን ዮካስታን፣ አንዳንዴ እኔን ያስከትላሉ። «ሴትዮ፣ ያልተማረ ልጅ ርካሽ ነው! ስሚኝ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ!» ሲሉ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

ከቀሩት ልጆች አንዱ ኤስታርሊን ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ትምህርቱን ሲጨርስ፣ በዋና ከተማው ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ለመማር ተቀባይነት አገኘ። ዶን ቶሪቢዮ አንድ ዓመት አልፎበታል ብለው እንቅልፍ አጥተው ነበር። ብላዲሚር መጣና ዋጋውን ጠራ። እናትና አባት፣ ዶን ቶሪቢዮና እኔ ባለንበት፣ ልጁ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «አመሰግናለሁ ጌታዬ፤ በዚህስ አይሆንም። ሰኞ ዩኒቨርሲቲ እመዘገባለሁ» አለ።

የልጁ አባት ሊመታው የተነሣ መሰለኝ። ብላዲሚር ልጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። «ይቅርታ፣ አንድ ስልክ ልደውል» ብሎ ወጣ። ሲመለስ የጠራው ዋጋ ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነበር፤ የትምህርቱ ወጪም ሳይጠየቅ ተጨምሯል። እናቲቱ በጩኸት ተነሣች፣ ሁሉም ተቃቀፈ።

ዶን ቶሪቢዮ በዚያ ሁካታ መሐል የሉም። ብፈልጋቸው ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው።

«ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ከዊልኪን ይበልጥ ይወረውራል?»

«እኔ ምን አውቄ...»

«እኔ አውቃለሁ። ሁለቱንም ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። አይበልጥም» አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ሊያብሱትም አልሞከሩም። «ክንዳቸው አንድ ነው። አንድ!»

ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ ቦታ ጠፋ፤ ከወንዙ ማዶ የሄዱትም ተመለሱ። ከነዚያ ልጆች ወደ ኳስ የሄዱት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በሚገባቸው ዋጋ ሄዱ፣ የሚፈርሙትንም ራሳቸው አነበቡ። ከቀሩት አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል፤ የአንዱ እህት ደግሞ ወንድሟን አይታ ነርስ ሆናለች። ከሜዳው ተመልሶ በር ላይ ተቀምጦ የሚውል ልጅ በሰፈራችን እየጠፋ ነው። ትምህርት ክንድ አያፈጥንም፤ ይህን ማንም አይዋሽ። ነገር ግን የክንድን ዋጋ ያስከብራል፤ ክንድም ሲደክም ሰውየውን ይዞ ያቆመዋል።

ዶን ቶሪቢዮ ይህን በኔ ቃል ሲነገር አይወዱትም። ባለፈው ሰሞን አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ «የምከፍለው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«የትምህርት ቤት ካርዱን ይዘህልኝ ና» አሉት። «አሪፍ የሚወረውር ልጅ እኔ ሞልቶኛል።»